ስቴፈን ሃውኪንግ፦ የተቃወሙትን ሐሳብ በራሳቸው ስሌት ያጸኑ የጥቁር ጉድጓዶች ተመራማሪ

በእንግሊዝ ዋና ከተማ ለንደን በሚገኘው የዌስትሚንስተር አቤይ ቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ፣ ከሰር አይዛክ ኒውተንና ከቻርልስ ዳርዊን መቃብሮች መካከል አንድ ጥቁር ድንጋይ ተነጥፏል። ማርች 14 ቀን 2018 በ76 ዓመታቸው ያረፉት የንድፈ ሐሳብ ፊዚክስ ሊቅ ፕሮፌሰር ስቴፈን ሃውኪንግ አስከሬናቸው ከተቃጠለ በኋላ የቀረው አመድ በዚያው ዓመት ጁን 15 ቀን በክብር ያረፈው በዚሁ ሥፍራ ነው። በድንጋዩ ላይ ከስማቸው ጋር አንድ አጭር የሒሳብ ቀመር ተቀርጿል። ቀመሩ የአንድ ጥቁር ጉድጓድ የሙቀት መጠን ምን ያህል እንደሆነ የሚገልጽ ነው።

እስከ 1973 ድረስ ጥቁር ጉድጓድ የሙቀት መጠን አለው ብሎ መናገር በሙያው ሊቃውንት ዘንድ እንደ ስሕተት ይቆጠር ነበር። ሐሳቡን አጥብቀው ከተቃወሙት መካከል ደግሞ ግንባር ቀደሙ ራሳቸው ሃውኪንግ ነበሩ። በመቃብራቸው ላይ የተቀረጸው ቀመር እንዴት ከተቃዋሚው እጅ ሊወጣ እንደቻለ ለመረዳት የሰውየውን የሕይወት ታሪክና የጥቁር ጉድጓድን ምንነት በአንድነት መመልከት ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንደሚታወቀው ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ በምድር የስበት ኃይል ተመልሶ ይወድቃል። ከምድር ስበት አምልጦ ለመውጣት አንድ አካል በሴኮንድ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነት ሊኖረው ይገባል። ምድር ክብደቷ ሳይቀንስ ተጨምቃ ብታንስ ግን የሚፈለገው የማምለጫ ፍጥነት እየጨመረ ይሄዳል። ልጆች የሚጫወቱበትን ብይ ያህል እስክትሆን ብትጨመቅ በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዘው ብርሃን እንኳ ሊያመልጣት አይችልም። ፀሐይም በዚሁ መንገድ ወደ 3 ኪሎ ሜትር ሬዲየስ ብትጠብብ ዕጣዋ ተመሳሳይ ይሆናል። ከዚህ ደረጃ የደረሰ አካል ነው ጥቁር ጉድጓድ የሚባለው። ጠርዙ የክስተት አድማስ ተብሎ ይጠራል፤ በእጅ የሚዳሰስ ግድግዳ ሳይሆን ያለፈው ሁሉ የማይመለስበት ወሰን ነው።

ሐሳቡ አዲስ አልነበረም። ጆን ሚቸል የተባሉ እንግሊዛዊ ቄስ ብርሃን ስለማያመልጣቸው ከዋክብት በ1783 ጽፈዋል። ካርል ሽቫርትስሺልት የተባሉት ጀርመናዊ ሊቅም በአንደኛው የዓለም ጦርነት በሩሲያ ግንባር ተሰልፈው ሳሉ የአልበርት አይንስታይንን የስበት ቀመሮች በመፍታት ሐሳቡን በሒሳብ መሠረት ላይ አቁመውታል፤ ሥራቸው በ1916 ታትሞ ሳይውል ሳያድር በዚያው ዓመት በሕመም አረፉ። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ የፊዚክስ ሊቃውንት ጉዳዩን ለረዥም ጊዜ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነገር አድርገው ይመለከቱት ነበር። ጥቁር ጉድጓድ የሚለው ስያሜ ራሱ በሰፊው የታወቀው አሜሪካዊው ፕሮፌሰር ጆን ዊለር በ1967 ከተጠቀሙበት በኋላ ነው።

ሃውኪንግ የተወለዱት ጃንዋሪ 8 ቀን 1942 በኦክስፎርድ ከተማ ነው። ወላጆቻቸው ነዋሪነታቸው በለንደን ቢሆንም ከተማዋ በጀርመን አውሮፕላኖች ትደበደብ ስለነበር እናታቸው ለመውለድ ወደ ኦክስፎርድ መሄድን መርጠዋል። አባታቸው ዶክተር ፍራንክ ሃውኪንግ በቆላ በሽታዎች ላይ ምርምር ያካሂዱ የነበሩ ሐኪም ሲሆኑ ጦርነቱ ሲጀመር ለሥራ በአፍሪካ ነበሩ። ልጃቸውም ሕክምና እንዲያጠና ይፈልጉ ነበር። ልጁ ግን በ17 ዓመቱ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ፊዚክስ መረጠ። ሃውኪንግ በኦክስፎርድ በቆዩባቸው ሦስት ዓመታት ያጠኑት በጠቅላላው 1,000 ሰዓት ያህል፣ ማለትም በአማካይ በቀን አንድ ሰዓት ብቻ እንደነበር ኋላ ሳይሸሽጉ ተናግረዋል። ትጉ ተማሪ ነበሩ ለማለት አይቻልም።

ለዶክትሬት ትምህርት ወደ ካምብሪጅ የሄዱት በ1962 ነው። በቀጣዩ ዓመት፣ ገና 21 ዓመት እንደሆናቸው፣ ጡንቻን የሚያዝዙ ነርቮችን ቀስ በቀስ የሚገድል በሽታ እንደያዛቸው ተነገራቸው። በሽታው እጅን፣ እግርን፣ በመጨረሻም መናገርንና መዋጥን ይነሣል፤ የሃውኪንግን የማሰብ ችሎታ ግን አልነካም። ሐኪሞቹ ከሁለት ዓመት በላይ የመኖር ተስፋ አልሰጧቸውም። ሃውኪንግ ከዚያ በኋላ 55 ዓመታት ኖረዋል።

በዚያ ወቅት ሃውኪንግን ወደ ሥራ የመለሳቸው ከጄን ዋይልድ ጋር መተጫጨታቸው እንደነበር ራሳቸው ተናግረዋል። ለማግባት ሥራ፣ ለሥራ ደግሞ ዲግሪ ያስፈልግ ነበርና። ጥንዶቹ በ1965 ተጋብተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል። በ1995 እስከ ተፋቱበት ጊዜ ድረስ በነበሩት ዓመታት የቤቱን ኑሮና የሕመምተኛውን እንክብካቤ በአብዛኛው የተሸከሙት ጄን በመሆናቸው፣ የሃውኪንግ ሥራዎች ሲነሡ የእርሳቸውም ድርሻ ሊዘነጋ አይገባም።

የሃውኪንግ የመጀመሪያ ታላቅ ሥራ ከሌላው እንግሊዛዊ ሊቅ ከሮጀር ፔንሮዝ ጋር የተያያዘ ነው። ፔንሮዝ በ1965 ባወጡት ጽሑፍ አንድ ኮከብ በራሱ ስበት ከተወሰነ ደረጃ በላይ ከፈረሰ በውስጡ የታወቁት የፊዚክስ ሕጎች የማይሠሩበት፣ ሲንጉላሪቲ የሚባል ነጥብ መፈጠሩ እንደማይቀር አረጋገጡ። ወጣቱ ሃውኪንግ ይህንኑ ሐሳብ የጊዜን አቅጣጫ ገልብጠው በመላው ዩኒቨርስ ላይ ተገበሩት። እየሰፋ የሚሄድ ዩኒቨርስ ወደ ኋላ ቢታይ መነሻው እንዲሁ ያለ ነጥብ መሆን አለበት የሚል ነበር ድምዳሜያቸው። ሁለቱ ሊቃውንት የጋራ ውጤታቸውን በ1970 አሳተሙ።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር ወር ሴት ልጃቸው ሉሲ ከተወለደች ጥቂት ቀናት በኋላ፣ ሃውኪንግ አንድ ምሽት ወደ አልጋቸው ለመውጣት ሲዘጋጁ ስለ ጥቁር ጉድጓድ ጠርዝ ያስቡ ጀመር። አካላቸው በመድከሙ ልብስ አውልቆ መተኛት ረዥም ጊዜ ይወስድባቸው ስለነበር ለማሰብ በቂ ጊዜ ነበራቸው። በዚያ ምሽት የደረሱበት ሐሳብ የሚከተለው ነው፦ የጥቁር ጉድጓዶች የክስተት አድማስ ጠቅላላ ስፋት ሊጨምር ወይም ባለበት ሊቆይ ይችላል እንጂ ፈጽሞ አይቀንስም። ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች ቢዋሐዱ የአዲሱ ስፋት ቢያንስ የሁለቱን ድምር ያህል መሆን አለበት ማለት ነው።

ሕጉ የሚመስለው ሌላ ሕግ በፊዚክስ ውስጥ ቀድሞ ይታወቅ ነበር። ይኸውም ኢንትሮፒ የሚባለው፣ የነገሮች የመበታተንና ሥርዓት የማጣት መጠን፣ በጥቅሉ ሲታይ እየጨመረ እንጂ እየቀነሰ አይሄድም የሚለው ነው። በስኒ ላይ ያለ ትኩስ ቡና ቢተዉት ሙቀቱ ወደ ክፍሉ አየር ይበተናል እንጂ የተበተነው ሙቀት በራሱ ተሰብስቦ ወደ ስኒው አይመለስም። ጆን ዊለር በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ያዕቆብ ቤከንስታይን ለተባሉ ተማሪያቸው ያቀረቡት ጥያቄ ከዚህ የሚነሣ ነበር። ትኩስ ሻይ ከቀዝቃዛ ሻይ ጋር ተቀላቅሎ የዓለም ኢንትሮፒ ቢጨምርና ስኒው ከነሻዩ ወደ ጥቁር ጉድጓድ ቢጣል የጥፋቱ ማስረጃ ጠፋ ማለት ነውን? እንዲህ ከሆነ ጥቁር ጉድጓድ ከተፈጥሮ ጽኑ ሕጎች አንዱን ማምለጫ ሆነ ማለት ነው።

በሜክሲኮ ሲቲ በ1947 የተወለዱት ቤከንስታይን በ1972 መልሳቸውን ሰጡ። ጥቁር ጉድጓዱ ራሱ ኢንትሮፒ አለው፤ መጠኑም የሚለካው ሃውኪንግ ፈጽሞ አይቀንስም ባሉት በጠርዙ ስፋት ነው አሉ። ሻዩ ሲጣል ጠርዙ ይሰፋል፤ ሒሳቡም ሳይጎድል ይወራረዳል።

ሃውኪንግ ይህን ሲሰሙ አልተደሰቱም። ተማሪው የእርሳቸውን ግኝት ያለ አግባብ እንደተጠቀመበት ቆጠሩት። ተቃውሟቸው ግን ከስሜት ብቻ የመነጨ አልነበረም። ኢንትሮፒ ያለው ነገር ሁሉ የሙቀት መጠን ሊኖረው ግድ ነው፤ የሙቀት መጠን ያለው ነገር ደግሞ እንደ ጋለ ብረት ሁሉ ጨረር ይለቃል። ከጥቁር ጉድጓድ ምንም ነገር እንደማይወጣ የታወቀ በመሆኑ የተማሪው ሐሳብ ወደማይሆን ነገር ያደርሳል ማለት ነው። ሃውኪንግ ከጄምስ ባርዲንና ከብራንደን ካርተር ጋር በ1972 በፈረንሳይ የአልፕስ ተራሮች በምትገኘው ሌዙሽ በተካሄደ የክረምት ትምህርት ላይ ተገናኝተው ያዘጋጁትና በ1973 ያሳተሙት ጽሑፍ፣ በሁለቱ ሕጎች መካከል ያለው መመሳሰል መመሳሰል ብቻ እንደሆነ የሚያሳስብ ነበር። ጽሑፉን ለማዘጋጀት ካነሣሷቸው ምክንያቶች አንዱ በቤከንስታይን ላይ ያደረባቸው ቅሬታ መሆኑን ሃውኪንግ ከዓመታት በኋላ በመጽሐፋቸው አምነዋል። በአንድ በኩል ሦስት የታወቁ ሊቃውንት፣ በሌላ በኩል ትምህርቱን ገና ያጠናቀቀ አንድ ወጣት ቆመው ነበር ለማለት ይቻላል።

ነገሩ የተለወጠው በሞስኮ ነው። ሃውኪንግ በሴፕቴምበር 1973 ወደዚያ በተጓዙበት ወቅት ያኮቭ ዜልዶቪችና አሌክሲ ስታሮቢንስኪ የተባሉት የሶቪየት ሊቃውንት የኳንተም ሜካኒክስ ሕጎች ከታሰቡ የሚሽከረከር ጥቁር ጉድጓድ ጨረር መልቀቅ እንዳለበት አስረዷቸው። ሃውኪንግ ሐሳቡን ቢቀበሉትም የስሌቱን አካሄድ አልወደዱትም ነበርና ወደ ካምብሪጅ እንደተመለሱ በተሻለ መንገድ ሊሠሩት ጀመሩ። በዚያን ጊዜ በእጃቸው ቀመር መጻፍ የማይችሉበት ደረጃ ላይ ደርሰው ስለነበር ችግሩን በቅርጽና በሥዕል መልክ በአእምሯቸው ይዘው ማገላበጥን ተለማምደው ነበር።

ስሌቱ ያልጠበቁትን ውጤት ሰጣቸው። የማይሽከረከሩት ጥቁር ጉድጓዶች እንኳ ጨረር ይለቃሉ የሚል ነበር። መጀመሪያ ስሕተት የሠሩ መሰላቸው። ቤከንስታይን ይህን ከሰማ ለራሱ ሐሳብ ማስረጃ ያደርገዋል ብለው በመሥጋት ውጤቱን ለማስወገድ የሚያስችል መንገድ ሲፈልጉ እንደሰነበቱ ራሳቸው ተርከዋል። ይሁንና ባገላበጡት ቁጥር ጨረሩ አልጠፋም። በመጨረሻ ያሳመናቸው የጨረሩ ዓይነት ነው፤ አንድ የሙቀት መጠን ያለው ማንኛውም አካል ከሚለቀው ጨረር ጋር ፍጹም አንድ ሆኖ ተገኘ። ቤከንስታይን ትክክል ነበሩ ማለት ነው። ሃውኪንግም ይህን ከማመን አልፈው፣ ቤከንስታይን በትክክል ሊወስኑት ያልቻሉትን መጠን ኢንትሮፒው የጠርዙ ስፋት ሩብ መሆኑን በማስላት አሟሉት።

ሃውኪንግ ውጤቱን በፌብሩዋሪ 1974 በኦክስፎርድ አቅራቢያ በሚገኝ የምርምር ተቋም በተካሄደ ስብሰባ ላይ ሲያቀርቡ የገጠማቸው፣ እርሳቸው ለቤከንስታይን ካሳዩት የተለየ አልነበረም። መድረኩን የመሩት ፕሮፌሰር ነገሩ ከንቱ ነው ብለው በአደባባይ አጣጣሉት። ጽሑፉ ማርች 1 ቀን 1974 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ሲወጣ በርዕሱ መጨረሻ ላይ የጥያቄ ምልክት ነበረበት፤ ደራሲው ምን ያህል ተጠንቅቀው እንደጻፉት ያመለክታል። ብዙም ሳይቆይ ግን ሌሎች ሊቃውንት በተለያየ መንገድ አስልተው ከዚያው ውጤት ደረሱ። ሃውኪንግም በዚያው ዓመት በ32 ዓመታቸው የእንግሊዝ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር አባል ሆነው ተመረጡ።

የጨረሩን አነሳስ ሃውኪንግ ለጠቅላላው አንባቢ ሲያስረዱ የተጠቀሙበት ምሳሌ ጥንድ ቅንጣቶች ናቸው። በኳንተም ሕግ መሠረት ባዶ የሚመስለው ሕዋ በእውነቱ ባዶ አይደለም፤ ጥንድ ቅንጣቶች በየቅጽበቱ ብቅ እያሉ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። በጥቁር ጉድጓድ ጠርዝ ላይ ግን አንደኛው ወደ ውስጥ ወድቆ ሌላኛው ሊያመልጥ ይችላል። ከሩቅ ለሚመለከት ሰው ያመለጠው ቅንጣት ከጉድጓዱ የወጣ ጨረር ይመስላል፤ ጉድጓዱም በዚያው ልክ ክብደት ይቀንሳል። ትክክለኛው ስሌት ከዚህ ምሳሌ የረቀቀ ነው። በድንጋዩ ላይ የተቀረጸው ቀመር ከዚህ ሁሉ የተገኘ ሲሆን፣ የስበት ኃይል፣ የብርሃን ፍጥነት፣ የኳንተም ሜካኒክስና የሙቀት ሳይንስ መለያ ቁጥሮች በአንድ መስመር ላይ ይገናኙበታል። ሊቃውንቱ ከፍ ያለ ግምት የሚሰጡትም ስለዚህ ነው።

በተግባር ሲታይ ጨረሩ እጅግ ደካማ ነው። የፀሐይን ያህል ክብደት ያለው ጥቁር ጉድጓድ የሙቀት መጠኑ አንድ ዲግሪ ለአንድ ቢሊዮን ቢከፈል ከዚያ ውስጥ 60 እጅ ያህል ብቻ ከፍጹም ዜሮ በላይ ነው። በዙሪያው ያለው ሕዋ ግን 2.7 ዲግሪ ያህል ስለሆነ ጉድጓዱ ከሚለቀው ይልቅ የሚቀበለው ይበልጣል። ሕዋው ፈጽሞ ቢቀዘቅዝለት እንኳ ተንኖ እስኪያልቅ የሚፈጅበት ጊዜ ከ1 ቀጥሎ 67 ዜሮዎች የሚጻፉለት የዓመታት ቁጥር ነው። የዩኒቨርስ ዕድሜ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል። የሃውኪንግ ጨረር ከእውነተኛ ጥቁር ጉድጓድ ሲወጣ እስካሁን በመሣሪያ አልታየም። ሃውኪንግ የኖቤል ሽልማት ሳያገኙ ያለፉትም በአመዛኙ በዚህ ምክንያት እንደሆነ ይታመናል።

ግኝቱ አንድ ከባድ ጥያቄ አስከትሏል። በአንድ መዝገብ ቤት ያለ ሰነድ በእሳት ቢቃጠል ጽሑፉ ለተራ ሰው ጠፍቷል። በፊዚክስ ሕግ ግን የጭሱ፣ የአመዱና የብርሃኑ እያንዳንዱ ቅንጣት ቢመረመር ሰነዱ ላይ የተጻፈውን መልሶ ማንበብ ቢያንስ በመርሕ ደረጃ ይቻላል። ሰነዱ ወደ ጥቁር ጉድጓድ ቢጣልና ጉድጓዱ ተንኖ ቢያልቅስ? ሃውኪንግ በ1976 የሰጡት መልስ ጨረሩ ስለወደቀው ነገር ምንም የማይናገር በመሆኑ መረጃው ለዘለዓለም ይጠፋል የሚል ነበር። ይህ ከኳንተም ሜካኒክስ መሠረት ጋር ስለሚጋጭ ብዙዎችን አስቆጣ። ሃውኪንግና ባልደረባቸው ኪፕ ቶርን በ1997 በዚሁ ጉዳይ ከጆን ፕረስኪል ጋር ውርርድ ገቡ። በጁላይ 2004 በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን በተካሄደ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ላይ ሃውኪንግ መሸነፋቸውን አስታውቀው፣ ፕረስኪል በመረጡት መሠረት ስለ ቤዝቦል ጨዋታ የተጻፈ ኢንሳይክሎፒዲያ አስረከቡ። ቶርን በበኩላቸው በዚያን ጊዜ አልተረቱም።

የውርርድ ነገር ከተነሣ ሃውኪንግ በዚህ ረገድ ዕድለኛ አልነበሩም። ሲግነስ ኤክስ-1 የተባለው የኤክስሬይ ምንጭ ጥቁር ጉድጓድ አይደለም ብለው በ1974 ከቶርን ጋር ተወራርደው በ1990 ተረትተዋል። ያን ያደረጉት የዕድሜ ልክ ሥራቸው ከንቱ ሆኖ ቢቀር ቢያንስ ውርርዱ መጽናኛ እንዲሆናቸው መሆኑን ተናግረዋል። ሂግስ ቦዞን የተባለው ቅንጣት አይገኝም ብለው የገቡትንም ውርርድ በ2012 ተሸንፈው 100 ዶላር ከፍለዋል። በሁሉም ላይ መሸነፋቸውን በይፋ መናገርን አላፈሩበትም።

ሃውኪንግ ከ1979 እስከ 2009 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ አይዛክ ኒውተን ይዘውት የነበረውን የሒሳብ ፕሮፌሰርነት መንበር ይዘው ሠርተዋል። በ1985 ወደ ጄኔቫ በሄዱበት ወቅት በደረሰባቸው የሳንባ ምች ሕይወታቸውን ለማትረፍ ጉሮሯቸው ላይ ቀዶ ሕክምና በመደረጉ ድምፃቸውን ጨርሰው አጡ። ከዚያ በኋላ የተናገሩት በኮምፒዩተር አማካይነት ነው። በመጀመሪያ በጣታቸው፣ ጣታቸው ሲደክም ደግሞ በጉንጫቸው ጡንቻ እንቅስቃሴ ቃላትን አንድ በአንድ ይመርጡ ነበር። በ1988 የታተመውና የጊዜ አጭር ታሪክ የሚል ትርጉም ያለው መጽሐፋቸው ከ10 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል፤ ምንም እንኳ ከገዙት መካከል እስከ መጨረሻው ያነበቡት ጥቂት ናቸው እየተባለ ቢቀለድም።

ጥቁር ጉድጓዶችን በቀጥታ መመርመር የተቻለው ሃውኪንግ በሕይወት ሳሉ ነው። ሴፕቴምበር 14 ቀን 2015 በአሜሪካ የሚገኙ መሣሪያዎች 1.3 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ርቀው ከተዋሐዱ ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች የመጣ የስበት ሞገድ መዘገቡ። ቤከንስታይን በሄልሲንኪ ያረፉት በዚያው ዓመት ኦገስት ወር ሲሆን፣ ሞገዱ የደረሰው ከሞታቸው አንድ ወር ሳይሞላ ነው። በ2021 በዚህ ሞገድ ላይ የተደረገ ትንተና የሃውኪንግን የስፋት ሕግ በ95 በመቶ እርግጠኝነት ደገፈው። በጃንዋሪ 2025 የተመዘገበውና በሴፕቴምበር ይፋ የተደረገው ሌላ ሞገድ ደግሞ ከዚህ እጅግ የጠራ ነበር። ከመዋሐዳቸው በፊት የሁለቱ ጥቁር ጉድጓዶች ጠርዝ በድምሩ 240,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ይህም ከኢትዮጵያ የቆዳ ስፋት ሩብ ጥቂት ያንሳል። ከተዋሐዱ በኋላ 400,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ ተገኝቷል፤ ይኸውም ከኢትዮጵያ ሲሶ በላይ ነው። አንድ ሰው ወደ አልጋው ሲወጣ ያሰበው ሕግ ከ54 ዓመታት በኋላ በልኬት ተረጋገጠ።

ሮጀር ፔንሮዝ በ1965 ሥራቸው ምክንያት በ2020 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ሲካፈሉ ሃውኪንግ ካረፉ ሁለት ዓመት አልፎ ነበር፤ ሽልማቱ ደግሞ ለሞተ ሰው አይሰጥም። የመረጃው ጥያቄ እስካሁን አልተዘጋም። ከ2019 ወዲህ የወጡ ስሌቶች መረጃው ከጨረሩ ጋር ተመልሶ እንደሚወጣ ቢያመለክቱም በምን መንገድ እንደሚወጣ ሊቃውንቱ አልተስማሙም። ሃውኪንግ ከሦስት ባልደረቦቻቸው ጋር ያዘጋጁትና ካረፉ ከወራት በኋላ በ2018 ለንባብ የበቃው ጽሑፍም የሚመረምረው የጥቁር ጉድጓድን ኢንትሮፒ ነው። ይህ መጠን ዛሬ በመማሪያ መጻሕፍት ቤከንስታይን-ሃውኪንግ ኢንትሮፒ ተብሎ በሁለቱም ስም ይጠራል፤ የተማሪው ስም የሚቀድመው ነው።